ሁለቱ የራስ ቅሎች በሁለት ሥጋ ቤቶች

የጥጃና የኮርማ ራስ ቅል ጎን ለጎን ቢያሳዩዋችሁ ሁለት የተለያዩ እንስሳት ናቸው ትላላችሁ?

ሁለት የራስ ቅል የጄሶ ቅጂዎች በጆንያ ተሸክሜ ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ካለው የአቶ ገበየሁ ሥጋ ቤት እገባለሁ። ፊተ አጭር ከሚባሉት ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች የተገኙ ራስ ቅሎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን እጥፍ ያህላል። ቅጂዎቹን ለትምህርት ቤቶች ያከፋፈሉት ዶክተር በመጽሔት ላይ ሁለት ዝርያ ብለው መድበዋቸዋል። እኔ አንድ ናቸው ብዬ ብጽፍ፣ «የቦረናዋ መምህርት ታስተምር፤ ምደባውን ለእኛ ትተው» አሉ። መጽሔቱ ምላሼን የሚቀበለው እስከ ነገ ነው። ካለፈኝ ስሕተቱ ወደ ተማሪዎቼ መማሪያ መጽሐፍ ይገባል።

አቶ ገበየሁ ቢላቸውን አስቀምጠው ትልቁን ያገላብጡታል።

«መቅደላዊት ልጄ፣ ይኼ የክርስቲያን ነው የእስላም ሥጋ?»

«ሳይባረክ የሞተ ነው፤ ለሁለታችሁም አይሆን።»

ይስቃሉ። ከዚያ የአፍንጫውን አጥንት በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ።

«ይኼ ያረጀ ነው። ላዩ ሻክሯል፣ መጋጠሚያው ጠፍቷል፤ በመጥረቢያም አይከፈትልሽ። ትንሹ ገና ልጅ ነው። የመጋጠሚያውን መስመር አየሽው? ብትቀቅይው ይበታተናል።»

«ዝርያቸውስ?»

«የምን ዝርያ! የዓይኑ ጉድጓድ ያው፣ የጥርሱ አሰካክ ያው። አባትና ልጅ ናቸው።»

ዶክተሩ ለሁለት የከፈሏቸው በዚያው መስመርና በዚያው ሻካራነት ነው።

ጆንያዬን ሳነሳ ይጠሩኛል። «ማዶ ሙሐሲንን ጠይቂው። እኔ ያልኩትን ግን እንዳትነግሪው!»

አልነግረውም። ሙሐሲን ከእስላም ሥጋ ቤቱ ደጃፍ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ቅሎቹን በየተራ ወደ ብርሃን ያዞራል። ብዙም አይቆይ።

«ወላሂ መምህርት፣ ይቺ ጥጃዋ ናት። ይኼን ለመለየት ዶክተር መሆን ያስፈልጋል እንዴ?»

«ምን አለ?» ይላሉ አቶ ገበየሁ ከማዶ።

«ጥጃ!»

«በሥጋ ባንስማማ በአጥንት ተስማማን!»

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየናል። እኔም በሙሐሲን አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ለመጽሔቱ ምላሼን እጽፋለሁ። ከተናደድኩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዶክተር፣ ያደገውን ካላደገው ሳይለዩ ዝርያ የመደቡት በምን ማስረጃ ነው? በስልክ የሚሰጥ ማብራሪያ አልቀበልም። በዚያው መጽሔት፣ በስምዎ፣ አገር እያነበበው ይመልሱልኝ።