ሞተሩ ካልጠፋ

ኤሌክትሪሺያኑ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ከሶኬቱ ሽቦ አንድ በአንድ ይነቅላል። ሞተሩ ካልጠፋ ሽቦው ትርፍ ነው፤ ይጥለዋል።

የመኪናው ባለቤት የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ሥራውን ቆሞ ሲያይ ደስ አለው።

«እኔም ሠራተኛ የምቀንሰው እንደዚሁ ነው። ትርፍ መስሎ የታየኝን ፈቃድ አስወጣዋለሁ። እሱ ሳይኖር ሥራው ካልቆመ፣ ሲመለስ አሰናብተዋለሁ።»

«ኧረ ጋሼ! ልጆች የሚያሳድግም አለ እኮ።»

«ምን ላድርግ? ቀንስ ተብያለሁ። ዘዴዬን ስነግረው አለቃዬ እንዴት እንደወደደው!»

ኤሌክትሪሺያኑ ሌላ ሽቦ ነቀለ። ሞተሩ አልጠፋም።

«ዛሬ የሥራ ቀን አይደለም እንዴ? እንዴት ተመቸዎት?»

«አለቃዬ ይመስገን!» አለ ኃላፊው ፈገግ ብሎ። «‹በጣም ደክመሃል፣ ትንሽ ዕረፍ› ብሎ በግድ ፈቃድ አስወጣኝ።»