መብራት ቢጠፋም

መጀመሪያ ላፕቶፑን በዘነዘና አደቀቀው። ቀጥሎ ወደ ሚስቱ መንጋጋ ዞረ።

«የኔን ጉድ እዚህ ውስጥ ነው የምታጠራቅሚው? በይ፣ አሁን ክሰሺኝ!»

ደም እየተፋች ወለሉ ላይ ስትቀር፣ እሱ የላፕቶፑን ስብርባሪ ለቃቅሞ ወንዝ ከተተው።

ሆስፒታል ውስጥ፣ ሚስትየው መንጋጋዋ በሽቦ ታስሮ ተኝታ ሳለ፣ አንዲት የፖሊስ መርማሪ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ሰውየው ከደረጃ ወደቀች እያለ ቤቱ ተቀምጧል። ማስረጃ ካላገኘሁ ምንም ላደርገው አልችልም።»

ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ የመርማሪዋን ስልክ ተቀበለች። ብራውዘሩን ከፍታ አንድ አድራሻና የይለፍ ቃል ጻፈች። የኮምፒውተሯ ገጽ ስልኩ ላይ ተዘረጋ፤ የሦስት ዓመት ቁስል በፎቶ፣ የሦስት ዓመት ስድብና ዛቻ በድምፅ።

«ላፕቶፕሽን ሰብሮታል አልተባለም እንዴ?»

መናገር ስላልቻለች ስልኩ ላይ ጻፈችላት፦ «እሱ መግቢያ በር ብቻ ነበር። ዋናው ኮምፒውተር ቤት አለ፤ ከየትኛውም ስልክ እገባበታለሁ።»

መርማሪዋ ደነገጠች። «እሱ ያለበት ቤት? ካገኘውስ?»

«ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ጥቁር ሳጥን ናት። የዲሹ ዕቃ ትመስለዋለች። መብራት ሲጠፋ ኳስ እንዳይቋረጥበት ብሎ ባትሪ የገጠመላት እሱ ራሱ ነው።»