ቁጥር አሥራ ሰባት

ሐኪሟ ዳቦዋን በሻይ አርሳ በግድ ዋጠችና ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለች።

«የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። ካንሰሩን የሚያፋጥነው ፕሮቲን እንዲህ የበዛበት ሰው ዓመት አይደፍንም። ስሙ ለምን አልተጻፈም?»

«ቤተሰብ ለታማሚው እንዳይነገር ስላለ ቁጥር ብቻ ሰጠነው» አለ የሥራ ባልደረባዋ ንጋቱ።

መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«አሁንስ አንገፈገፋችሁኝ! ‹ጨጓራ ነው› እያላችሁ ስንቱን ሳይናዘዝ አስቀበራችሁት! ሞቱን ጎረቤት ሰምቶ ታማሚው ራሱ አይሰማም? ፈሪ ሁላ! ዛሬውኑ ጠርተህ ፊት ለፊት ንገረው! አንተ ካቃተህ እኔ እነግረዋለሁ!»

ንጋቱ በሩን ዘግቶ ወንበር ሳበላት።

«ቁጭ በይ» አላት። «ሰኞ ዕለት ካንቺ ናሙና ሲወሰድ፣ ‹እንዳይነገራት› ብሎ እግራችን ላይ የወደቀው ባልሽ ነው።»