ጥግ የያዘው የጃፓን ግንብ

«ጥፋተኛው ቤቱ ነው» ይላሉ አያ ካሳ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ግድግዳው ላይ አነጣጥረው። «ይህን ሁሉ ሜዳ ትቶ ጥግ ይዟል። ደህና ሰው ቤቱን መሃል ነው የሚሠራ።»

ግድግዳው ላይ የተወጠረው ትልቅ ፎቶ የታተመበት ሸራ ነው፤ ከጣሪያ ወርዶ ጫፉ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። በስተግራ ነጭ የጃፓን ግንብ ቆሟል፤ ጣሪያ በጣሪያ ላይ ተደራርቦ፣ የየጣሪያው ጫፍ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ ቀና ብሏል። በስተቀኝ ውሃ፣ ከውሃው በላይ ሰማይ፣ ሌላ ምንም። ከላይ ጥግ ላይ ብቻ አንድ የጥድ ቅርንጫፍ ብቅ ብሏል።

ያ ባዶ ቦታ አራጌን በላብ አጥምቆታል። ቆቦ ውስጥ ማላብ ብርቅ አይደለም፣ የዛሬው ላብ ግን ሌላ ነው። ሚስቱ ኡሙልኸይር ፎቶ ቤቷን የምትከፍተው ዛሬ ነው። የመጀመሪያዋ ሙሽራ የአያ ካሳ የልጅ ልጅ ሰላም ናት። ሽማግሌው አስቀድመው አይተው ካልወደዱት፣ አጀቡ በዚህ ደጅ ክላክሱን እየነፋ ወደ ሌላ ፎቶ ቤት ያልፋል። የመጀመሪያዋ ሙሽራ ያለፈችውን ቤት ደግሞ ማን ይደፍረዋል? ኡሙልኸይር ደሴ ስትልከው «ፏፏቴና ጽጌረዳ ያለበትን አምጣ» ነበር ያለችው። እሱ ግን ግንቡን ባየ ጊዜ ፏፏቴውንም፣ ላኪዋንም ረሳ።

«አያ ካሳ፣ ይህ እኮ ዝም ብሎ ቤት አይደለም» ይጀምራል። «ጂዳ ሳለሁ አብሮኝ የሚሠራ ጃፓናዊ ነግሮኛል። እዚህ አናት ላይ የወጣች ድመት ወርዳ እስክትጨርስ የልጅ ልጅ አይታለች። ዘበኛው በጠዋት ምሳውን ቋጥሮ ይወጣል፤ ሦስተኛው ጣሪያ ላይ ምሳውን ይበላና ራት አምጡልኝ ብሎ ወደ ታች ይጣራል። ድምፁ መሬት ሲደርስ ነግቷል። ወላሂ።»

«አንተ ጂዳ ፍየል ጠባቂ አልነበርክ? ጃፓናዊውም ከፍየሎቹ አንዱ ነበረ?»

ኡሙልኸይር ሳቋ ያመልጣትና ፊቷን በካሜራው ትከልላለች።

አያ ካሳ አይስቁም። በራያ ሜዳ ድንበር የተጣላ ሁሉ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ገመድ ሳይዘረጉ በዓይናቸው ማሳ ይከፍላሉ። ፎቶውንም እንደ ማሳ ነው የያዙት። ዱላቸው ወደ ጥዱ ይዞራል።

«ይህስ? ግንዱ የት ሆኖ ነው ቅርንጫፉ የሰው ግቢ የገባ? ይቆረጥ።»

«ለሰማዩ ነው እኮ አያ ካሳ፣ እርቃኑን እንዳይቀር» ትላለች ኡሙልኸይር ለስለስ ብላ።

«ሰማይ መቼ ለብሶ ያውቃል ልጄ?»

ስልኳ ይጠራል። ታነሳለች፣ ታዳምጣለች፣ ትዘጋለች። «ሙሽሮቹ ከዋጃ ተነስተዋል» ትላለችና ባሏን ታየዋለች። በዚያ አስተያየት ውስጥ ፏፏቴው አለ፤ ጽጌረዳውም ከነእሾሁ አለ።

አያ ካሳ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ያጣፋሉ። «እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ልጄን ባዶ ሜዳ ላይ አላቆማትም። ያየ ሁሉ ቤቱ እንኳ ሸሻት ነው የሚል።»

«አንድ ቃል፣ አያ ካሳ።»

«አንድ። ውሸት ከገባበት ሄድኩ። ያችን ወላሂህንም ኪስህ ክተታት።»

አራጌ ግንባሩን በእጁ ይጠርጋል። ያለ ውሸት መናገር ለሱ የግራ ጫማ በቀኝ እግር ማጥለቅ ነው። ምላሱ ጫፍ ላይ አንድ ዝሆን ደርሶ ነበር፣ በግድ ይመልሰዋል። ሌላ ቢያጣ ወደ ፎቶው ይዞራል። ሸራውን ከገዛ ወዲህ ስንቱን አውርቶለታል፤ አንድ ቀን ግን አፉን ዘግቶ አላየውም። አሁን ያየዋል። ቤቱ ግዙፍ ነው። ያን ሁሉ ግዝፈቱን ሰብስቦ ጥግ ላይ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ሁሉ ክፍት ነው።

«የሰላም ሽማግሌዎች የመጡ ለት፣ ቤትዎ ሰው ሞልቶ ነበር» ይላል ቀስ ብሎ። «ትልቁ ሰው እርስዎ ነበሩ፣ መሃል ነበር የተቀመጡ። እኔ ቀልማዳው በበሩ ብቅ ስል ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ተነሱ። ወደ ጥግ ጠጋ አሉና ኖር አሉኝ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ይኸም ያንኑ ነው ያደረገ። መሃሉ የሱ ነበር። ሰው ሲመጣ አየና ተነስቶ ጠጋ አለ። መሸሹ አይደለም አያ ካሳ፤ ኖር እያለ ነው።»

«በእግዜር» ይላሉ አያ ካሳ።

አፋቸው ነው ያለው። ኖር ሲባል መመለስ የለመደ አፍ ጌታውን አላማከረም። በእግዜር ያለ ሰው ደግሞ ደጅ ቆሞ አይቀርም፣ ይገባል እንጂ። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ሸራ ይረግጣሉ፣ ውሃውና ሰማዩ ፊት ደርሰው ይዞራሉ፤ ዱላቸውንም ይመረኮዛሉ።

ግንቡ በግራ፣ ሽማግሌው በቀኝ፣ ጥዱ ከአናታቸው በላይ እንደ ጃንጥላ። የሚነቀልም የሚተከልም የለም። ኡሙልኸይር ፎቶ ታነሳቸዋለች። ካሜራውን ወስዳ ስታሳያቸው፣ በክንዳቸው ርቀት ይዘው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ብዙ ያዩታል።

«ጥዱ አይቆረጥ» ይላሉ።

«ቤቱስ?» ይላል አራጌ።

«እሱ ጨዋ ነው። ካንተ ይሻላል።»

ከውጭ ክላክስና እልልታ ይሰማል። ሰላም ቬሏን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ሚዜዎቿን አስከትላ በሩን ትሞላዋለች፤ ግንቡን አየት አድርጋ በሳቅ ትፈነዳለች።

«አባባ፣ ቦታውን ይልቀቁልኝ እንጂ፤ ሙሽራዋ እኮ እኔ ነኝ።»

አያ ካሳ ካሜራውን ለኡሙልኸይር መልሰው ኩታቸውን እንደገና ያስተካክላሉ። አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ አንድ እጃቸውን ወደ በሩ ይዘረጋሉ።

«ጠብቂ ልጄ፣ ገና አሁን መግባቴ ነው።»