ክብ ሠርቶ የደረቀው ሣር

አደሴን ለዓመታት ያንገበገባት አንድ ነገር ነው። አቃቂ የመጣ አንድ ፋብሪካ ጎጆዋን አፍርሶ፣ በቦታው ለሥራ አስኪያጁ የመናፈሻ ሣር ተከለበት። ባሏ ሮሪሳ «ከቤቴ አልወጣም» እንዳለ በዚያው ሰሞን ሞተ። እሷም ሆድ ነውና እዚያው ሣር አጠጪ ሆና ተቀጠረች።

ዘንድሮ ሣሩ እንደ ቀለበት ክብ ሠርቶ ደረቀ። ሲነቅሉት ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል።

«ሻጋታ ነው» አለ አለቃዋ ፀሐዩ። «ማታ እያጠጣሽ ውሃ ሲያድርበት ምን ይሁን? ጠዋት አጠጪ፤ የታመመውንም ከነአፈሩ አውጪው።»

የተባለችውን ሁሉ አደረገች። አፈሩን ለወጠች፣ ውሃው እንዲሰርግ መሬቱን ወጋጋች፣ አዲስ ሣር ተከለች። ክቡ እዚያው ቦታ ተመልሶ መጣ። በምሥራቅ በኩል ሰው የሚያሳልፍ ያህል ብቻ ለምለም ቀርቷል፤ መሐሉ ላይ ሦስት ጠቋቁር ምልክቶች አሉ።

«አቶ ፀሐዩ፣ ይሄ እኮ የቤቴ ግድግዳ ነው። ያ በሩ፣ ያ ጉልቻው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የተቀጠርሽው ለሣር ነው ለጥንቆላ? ነገ ካልነቀልሽው እንዳትመጪ!»

በማግስቱ ዶማዋን ይዛ ሄደች። ካፊያ ይጥላል፤ ክቡ ውስጥ ግን ጠብ አላለም። ዶማውን ስታነሳ ከውስጥ የሮሪሳ ድምፅ መጣ።

«ግቢና በሩን ዝጊው እንጂ፤ ብርድ ገባ።»

ዶማውን አስቀመጠች። እንደ ድሮዋ ጎንበስ ብላ በበሩ ገባች።

ፀሐዩ ሲደርስ ያገኘው ዶማውን ብቻ ነው። ለምለም ቀርቶ የነበረውም ሣር ደርቆ፣ ክቡ ገጥሟል።