የሜዳው ሕመም

የጌትነት የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ሚስቱ እልፍነሽ ምድጃውን አጠፋች፤ ቢላዎቹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈች፤ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ማኅደርን ጎረቤት አደረሰች። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ፎጣ ነከሰች። በአውሮፓ የእጅ ኳስ ዋንጫ አዲስ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲመታ ሕመሙ የሚሰማው ለእሱ ሳይሆን ላስመዘገበው የቤተሰቡ አባል ነው። ከሜዳ ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ግን የራሱ ነው።

ጌትነት ዘሎ ሲወረውር ተከላካዩ በክርኑ አፍንጫውን ሰበረው። እሱ ደሙን በእጁ ጠረገና እየሳቀ ወደሚቀጥለው ክርን ሮጠ። እልፍነሽ ከሶፋው ወድቃ ወለሉን ቧጠጠች። ወድቆ ጎድኑን ሲረግጡት ሽንቷ አመለጣት።

ካሸነፉ በኋላ ደወለላት።

«አየሽኝ? ዝንብ ያረፈብኝ እንኳ አልመሰለኝም።»

«አየሁህ።»

«ሐኪምሽ ግን ልብሽ ፍጻሜውን አይችልም አለኝ። አታስቢ፣ ማኅደርን አስመዝግቤያለሁ።»

እልፍነሽ አፏ ውስጥ የቀረውን የፎጣ ክር ተፋች።

«መቼ ነው ቤት የምትገባው?»

«ነገ ለምሳ።»

«ና፣ እጠብቅሃለሁ» አለችና የቢላዎቹን መሳቢያ ከፈተች።