አትንኩኝ

ከእስራኤል የአያቷን መንደር ልታይ ጎንደር የመጣችው ወጣት፣ የአያቷ ጎረቤት ለነበሩት ክርስቲያን አሮጊት እጇን ዘረጋች። አሮጊቷ ግን ወደ ኋላ ሸሹ፤ ውሃ ስትጠይቃቸውም ጣሳውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠውላት ራቅ ብለው ቆሙ።

የወጣቷ ፊት ጠቆረ።

"እማማ፣ እዚህም ይጸየፉናል?"

"በስመ አብ! ምን ቆርጦኝ! አያትሽ እኛ ከነካናት ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ ቤቷ አትገባም ነበር። ሕጋችሁን እንዳላፈርስ ብዬ እንጂ፣ አቅፌ ብስምሽ እንዴት ደስ ባለኝ! ለመሆኑ እንደተመኘችው ኢየሩሳሌም ገባች?"

"ገባች። ገና ስትደርስ ረቢዎቹ 'አይሁድነትሽ ያጠራጥራል፣ መንጻት አለብሽ' ብለው ውሃ ውስጥ አስገቧት።"

አሮጊቷ ግራ ገባቸው።

"ምነው፣ ማን ነክቷት?"